ልጅ ሰው መሀል ሲነሳበት ምን ይደረግ?

የሦስት ዓመት ልጅ ሱፐርማርኬት ወለል ላይ ተዘርግቶ እግሩን እያወራጨ ይጮኻል። ካሸሯ ቀና ብላ ታያለች። ከኋላ የተሰለፉት እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዲት ትልቅ ሴት "ውይ፣ ምን ሆኖ ነው?" ይላሉ። በዚህ ጊዜ ወላጅ የሚሮጥባቸው ሁለት መውጫዎች አሉ። አንዱ ከረሜላውን ገዝቶ ዝም ማሰኘት ነው። ሌላው በጥፊ ማለት ነው። ሁለቱም የሚደረጉት ለልጁ ተብሎ አይደለም። ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው።

ስለዚህ ከልጁ በፊት መያዝ ያለበት የወላጁ ይሉኝታ ነው። እሱ ካልተያዘ ከታች የምጽፈው ሁሉ አይሠራም። ያ ሁሉ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ግን ከእናንተ ጋር ነው የሚገባው፤ ነገም ከእናንተ ጋር ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ለዩ

ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጅ መሬት ላይ መንከባለሉ፣ መጮሁ፣ ዕቃ መወርወሩ የሚጠበቅ ነው። በተለይ 2 እና 3 ዓመት ላይ ይበረታል። ልጁ የሚፈልገው ነገር ብዙ ነው፤ የሚናገርበት ቃል ግን ገና ትንሽ ነው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እያደገ ይቆያል። የሁለት ዓመት ልጅን "ራስህን ተቆጣጠር" ስንለው የሌለውን አምጣ እያልነው ነው።

ግን ሁሉም ጩኸት አንድ አይደለም። አንዱ የእልህ ጩኸት ነው። ልጁ የሆነ ነገር ፈልጎ ተከልክሏል። እየጮኸም ቢሆን በዓይኑ ጠርዝ ያያችኋል። ፊታችሁን ስታዞሩ ድምፁን ይጨምራል። የፈለገውን ካገኘ ወዲያው ያቆማል።

ሌላው የመጨናነቅ ጩኸት ነው። ድምፅ፣ መብራት፣ ሙቀት፣ ረሃብ፣ ድካም ወይም የሰው ብዛት ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ጆሮውን ይይዛል። ፊቱን ይሸፍናል። የፈለገውን ብትሰጡትም አያቆምም፤ ምክንያቱም ምንም እየጠየቀ አይደለም። ለመጀመሪያው መልሱ በአቋም መጽናት ነው። ለሁለተኛው መልሱ ከቦታው ማውጣት ነው። የጨነቀውን ልጅ እንደ እልኸኛ መቅጣት ነገሩን ያባብሰዋል። ካልለየላችሁ እንደጨነቀው ቁጠሩት። በዚያ በኩል መሳሳት ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ግማሹ ሥራ እዚህ ነው የሚያልቀው።

ልጁ በልቶ፣ ተኝቶ ይውጣ። የከሰዓት እንቅልፉ ሰዓት ላይ ገበያ ከወሰዳችሁት ጩኸቱን ራሳችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። ለበዓል ዋዜማ ገበያ አማራጭ ካላችሁ ቤት ይቆይ።

የሚሆነውን አስቀድማችሁ ንገሩት። በአጭሩ። "ሱቅ እንገባለን። ዘይትና ሳሙና እንገዛለን። ከረሜላ ዛሬ አንገዛም። ከዚያ ወደ ቤት።" በር ላይ ስትደርሱ ድገሙለት። የምትገዙለት ነገር ካለ ምን እንደሆነና ስንት እንደሆነ ቤት እያላችሁ ይወቅ። "ጨዋ ከሆንክ የሆነ ነገር እገዛልሃለሁ" የሚለው ቃል ኪዳን አይጠቅምም፤ "የሆነ ነገር" ለልጅ የሱቁ ዕቃ በሙሉ ነው።

ሥራም ስጡት። ሳሙናውን እሱ ይያዝ። ቲማቲሙን እሱ ይቁጠር። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ መደርደሪያ አይበረብርም።

ቦርሳችሁ ውስጥ ውሃ፣ ሙዝ ወይም ዳቦ፣ የሚወደው ትንሽ መጫወቻ ይኑር። ድምፅ የሚረብሸው ከሆነ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ወይም ኮፍያ ያለው ሹራብ። ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ፣ እንደ መርካቶ ያለ፣ ከሄዳችሁ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አድርጉለት። እልህ የያዘው ልጅ እጅ አስለቅቆ ይሮጣል።

ሊነሳበት ሲል

ዝም ብሎ አይፈነዳም። ምልክት አለው። አንዱ ልጅ ድምፁ ይቀጥናል። አንዱ ጥያቄውን ይደጋግማል። አንዱ ልብሳችሁን ይጎትታል፤ አንዱ ጭራሽ ዝም ይላል። የልጃችሁን ምልክት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ምልክቱ ከታየ የጀመራችሁትን ወሬ አቋርጡና ወደ እሱ ዞር በሉ። ውሃ ስጡት፣ ወጣ ብላችሁ ግቡ። ከገበያው ዝርዝር ግማሹ ይቅር። ያኔ ሁለት ደቂቃ መስጠት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያድናል።

ሲነሳበት

*አንደኛ፣ ቦታውን አስተካክሉ።* አስፋልት ዳር ከሆነ አንሱት። ጠርሙስ የተደረደረበት አጠገብ ከሆነ አርቁት። ራሱን መሬት ላይ የሚመታ ከሆነ ነጠላችሁን ወይም ሹራባችሁን ከሥሩ አድርጉ። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቸኩል ነገር የለም።

*ሁለተኛ፣ ራሳችሁን ያዙ።* በአፍንጫ አየር ሳቡ፤ በአፍ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። ሦስት ጊዜ። ትከሻችሁን ጣል አድርጉ። ልጅ የሚረጋጋው የተረጋጋ ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው። እናንተም ከጮኻችሁ ሁለት የሚጮኹ ሰዎች ሆናችሁ ማለት ነው።

*ሦስተኛ፣ ዝቅ በሉ።* ከላይ ሆኖ የሚወርድ ድምፅ ያስፈራል። ተንበርከኩ ወይም ቁጢጥ በሉ፤ ዓይናችሁ በዓይኑ ልክ ይሁን። ለሕዝቡ ደግሞ ጀርባችሁን ስጡ። ይህ ለልጁ መጋረጃ ይሆነዋል። ለእናንተም የሚያዩዋችሁን ሰዎች ከዓይናችሁ ያርቅላችኋል።

*አራተኛ፣ ጥቂት ቃል ብቻ።* "ከረሜላውን ፈልገህ ነበር። ዛሬ አንገዛም። ተናደድክ። እዚሁ አለሁ።" በቃ። ማስረዳት፣ መምከር፣ "ስንቴ ነው የምነግርህ?" ማለት አሁን አይገባም። ያን ያህል የተናደደ ልጅ ረጅም ንግግር አይሰማም። ድምፃችሁን ከእሱ ድምፅ በታች አድርጉት። አንዳንድ ልጅ ሲታቀፍ ይበርዳል። አንዳንዱ ሲነካ ይብሳል፤ እሱን አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁት።

*አምስተኛ፣ ጠብቁ።* አብዛኛው ጩኸት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይበርዳል። ሰው ሲያይ ሦስት ደቂቃ ሦስት ሰዓት ይመስላል። ሰዓታችሁን እዩ፤ ቁጥሩ ያጽናናችኋል። ካልበረደ ወይም የመጨናነቅ ጩኸት ከሆነ ዘንቢላችሁን ካሸሯ ጋ አስቀምጡና ተሸክማችሁት ውጡ። መኪና ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ዛፍ ሥር፤ ጸጥ ያለ ቦታ ይበቃል። መውጣት መሸነፍ አይደለም። ቅጣትም አይደለም፤ እንደ ቅጣት አትንገሩት።

አፉ ላይ ምግብ አትጨምሩበት። በተለይ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ድርቅ ያለ ከረሜላ። እያለቀሰ በኃይል አየር የሚስብ ልጅ ትንታ ሊያንቀው ይችላል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ እነዚህ ሳያለቅስም አይሰጡም። ሰው አዝኖ ከረሜላ ሲዘረጋ በትህትና ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።

"እምቢ" ካላችሁ እምቢ ይሁን

ይህን ነጥብ ላስረግጠው፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከልክላችሁ በአሥረኛው ከሰጣችሁ ልጁ "እናቴ አትሰጠኝም" የሚለውን አልተማረም። የተማረው እስከ አሥረኛው ድረስ መጮህ እንዳለበት ነው። አንዳንዴ የሚሳካ ጩኸት ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመተው ይከብዳል።

ከዛሬ ጀምሮ አልሰጥም ብላችሁ ስትጸኑ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይብሳል። ይህን እወቁት። ልጁ ድሮ የሠራለትን ነገር ድምፁን ጨምሮ ይሞክራል። ብዙ ወላጅ "ይኸው አልሠራም" ብሎ የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ያኔ ከተሰጠው ይበልጥ መጮህ እንደሚሠራ ተማረ ማለት ነው። ከጸናችሁ ግን ይቀንሳል።

ለመጽናት እምቢታችሁ ትንሽ መሆን አለበት። ልትሰጡት የምትችሉት ነገር ከሆነ ሳይጮህ በመጀመሪያው ጥያቄ ስጡት። ሁሉንም ነገር የምትከለክሉ ከሆነ አንዱንም ማስከበር አትችሉም።

ዱላና ማስፈራሪያ

"እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። ጥፊ ለጊዜው ዝም ያሰኛል፤ እውነት ነው። የሚያስተምረው ግን የተናደደ ሰው እንደሚማታ ነው። የሚገረፉ ልጆች ውለው አድረው ይበልጥ ተማቺ የመሆን አዝማሚያ እንዳላቸው በብዙ ጥናት ታይቷል።

ማስፈራራትም እንዲሁ። "አያ ጅቦ መጣልህ" የሚባለው ማታ እንቅልፍ ይነሳዋል። "ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል" ከተባለ ክትባት ቀን አራት ሰው አይዘውም። "ለፖሊስ እሰጥሃለሁ" ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ልጁ አንድ ቀን መንገድ ቢጠፋበት ሊሄድበት ከሚገባው ሰው እንዲደበቅ እያስተማርነው ነው። "ጥዬህ እሄዳለሁ" ብሎ መራመድም መኪና ባለበት ከተማ አደገኛ ነው። የተጣለ የመሰለው ልጅ ጩኸቱ ወደ ድንጋጤ ይለወጣል።

የሚያየውን ሰው በተመለከተ

እኛ ሀገር የማንም ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። ይህ መልካም ነገራችን ነው። አስቸጋሪ ቀን ላይ ግን አሥር መካሪ በአንድ ጊዜ ያመጣል። "አቀብጠሽው ነው"፣ "ቡዳ በልቶት እንዳይሆን"፣ "አንድ ጊዜ በደንብ ቅመሺው"። ያኔ ለመከራከር ጉልበት የላችሁም፤ አስፈላጊም አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ለትልቅ ሰው፣ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ አሁን ይረጋጋል።" ከረሜላ ለሚዘረጋ፣ "አመሰግናለሁ፣ ቆይቶ ይበላዋል።" "እወስድሃለሁ!" እያለ ለሚያስፈራራው ሰውዬ፣ "እባክዎ አያስፈራሩብኝ።" ተናግራችሁ ወደ ልጁ ተመለሱ።

አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ መስኮት ጋ ልቀመጥ አለ። ቦታው ተይዟል። ልጁ ጀመረው። እናቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ሁለት እጆቹን በሁለት እጆቿ ላላ አድርጋ ያዘች። ጆሮው ሥር "መስኮት ጋ ፈልገህ ነበር። ተይዟል። አውቃለሁ" ትለዋለች፤ ትቆይና እንደገና ትለዋለች። አንዷ ስልክሽን ስጪው አለቻት። ረዳቱ ዞሮ "ዝም አስብዪው እንጂ!" አለ። "ሲጨርስ ዝም ይላል" አለችው፤ ሳትቆጣ፣ ድምጿንም ሳትጨምር። አራት ኪሎ ሳንደርስ ልጁ አፍንጫውን እየሳበ ከፊት ያሉትን መኪናዎች መቁጠር ጀምሮ ነበር።

እናንተ ተመልካች በሆናችሁ ቀን ደግሞ ምክራችሁን ተዉት። ዕቃዋን ያዙላት። ሰልፉ ላይ አስቀድሟት። "አይዞሽ፣ የሁላችንም ልጅ እንዲህ ነው" በሏት።

እንደ ቦታው

ታክሲ ውስጥ ካልበረደ "ወራጅ አለ" ብላችሁ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ውረዱ። የጠፋው ሒሳብ ትንሽ ነው። ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄዱ ዳር ቁሙ። ቅዳሴ ለትንሽ ልጅ ረጅም ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ግቢው አውጡትና ተመለሱ። ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ልጁን ይዞ የሚወጣ አንድ ዘመድ ቀድማችሁ ለምኑ። ሰርግ ላይ ከድምፅ ማጉያው ራቁ፤ ቶሎ ሄዳችሁ ቶሎ ተመለሱ። ሙሽሮቹ አይቀየሟችሁም።

ውጭ ሀገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድን ልጅን መምታት በሕግ የከለከለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመን በ2000 እ.ኤ.አ. ተከትላለች። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ ያየ ሰው ግን ለሕፃናት ጥበቃ ሊደውል ይችላል። በማያውቁት ቋንቋ ከፍ ባለ ድምፅ ስትናገሩም እንደ ዛቻ ሊሰማቸው ይችላል። ዝቅ ብሎ በቀስታ መናገር እዚያ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው።

ከበረደ በኋላ

ውሃ ስጡት። አፍንጫውን ጥረጉለት። እቅፍ ከፈለገ እቀፉት። ፍርድ ቤት አትክፈቱበት፤ ማታ ለአባቱ እየደገማችሁም አታሳፍሩት። የበተነው ዕቃ ካለ አብራችሁ ልቀሙ። የመታው ሰው ካለ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አፉ ካልፈታ እናንተ ጠይቁለት፣ እሱ አጠገባችሁ ይቁም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በሌላ ሰዓት ነው፤ ጠግቦ ሲጫወት። ጣቱን እንደ ሻማ አድርጎ "እፍ" ብሎ ማጥፋት ይለማመድ። ይህ ቀስ ብሎ መተንፈስን ያስተምራል። "ደከመኝ"፣ "ጮኸብኝ"፣ "እንውጣ" የሚሉትን ቃላት አስጠኑት። ቃል ላጠረው ልጅ በእጅ ምልክትም ይሆናል። ሲሳካለት ደግሞ ነገሩን ለይታችሁ አመስግኑ። "ጎበዝ" ብቻ አይበቃም፤ "ዛሬ ወረፋ ላይ ቆመህ ጠበቅክ" በሉት።

ቤት ውስጥ ሁሉም አንድ ቃል ይሁን። እናት የከለከለችውን አባት ከሰጠ፣ ሞግዚቷ ለቅሶውን ፈርታ ስልክ ከሰጠች፣ የውጭው ጥረት ከንቱ ነው። አያትን ማሳመን ይከብዳል። ከልጁ ፊት አትከራከሯቸው። ለብቻ፣ ቡና ላይ፣ "እማዬ፣ ሲያለቅስ ሳይሆን ሲረጋጋ ስጪልኝ፤ አንቺን ነው የሚሰማው" ብትሏቸው ይሻላል። መስጠታቸውን አልከለከላችሁም፤ ጊዜውን ነው የቀየራችሁት።

ለሁለት ሳምንት ያህልም ማስታወሻ ያዙ። የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ እንዴት አበቃ። አንዳንዱ ጩኸት ሁሌ ከምሳ በፊት ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱ ሁሌ አንድ ሱቅ ውስጥ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከ5 ዓመት በኋላም የሚደጋገም ከሆነ፤ በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሳበት ወይም ከ20 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ፤ ራሱን ወይም ሰውን የሚጎዳ ከሆነ፤ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት። በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጣምር፣ ወይም ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ደግሞ ሳይዘገይ ይታይ። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ሳይሰማ ቀርቶ እልኸኛ የሚባል ልጅ አለ።

እያለቀሰ ትንፋሹ ጥርቅም ብሎ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ አንዳንዴም ራሱን የሚስት ልጅ አለ። በጣም ያስደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። በጎኑ አስተኙት። አትነቅንቁት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። በደቂቃ ውስጥ ካልተመለሰ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ቢመለስም ሐኪም ይየው፤ የአይረን እጥረት ይህን ሊያባብስ ስለሚችል የደም ምርመራ ጠይቁ።

ኦቲዝም (ከልጅነት የሚጀምር የአንጎል ዕድገት ልዩነት) ያለበት ልጅ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የመጨናነቅ ነው። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ቤት ዘግቶ ያስቀምጥ በነበረበት ዘመን፣ ራሳቸው እናት የሆኑት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው ከተማ አለ። ጠበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ሐኪሙ ግን አይቅር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለቀጠሮው ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሲነሳበት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው በሞባይል የቀረጸው አጭር ቪዲዮ ካለም ለሐኪሙ አሳዩት፤ ልጁ ክሊኒክ ውስጥ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላልና። ቪዲዮው ለሐኪሙ ብቻ ነው። ለዘመድ አትላኩት፤ ቲክቶክም ላይ አትጫኑት።